ግንቦት 8ን በጉባኤያችን ፊት ማንሳት
የዓመታዊ ጉባኤ መክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ የቀድሞ ሠራዊት መኮንኖችና ባለሌላ ማዕረጎች፣ የተሰዉ ወገኖቻችን ባለቤቶችና ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ወደ አጀንዳው ከመግባታችን በፊት በየዓመቱ የምንሸሸውን አንድ ጉዳይ ላንሳ። በቡና ሰዓት ይነሳል፣ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ሰው ተኳርፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የግንቦት 8 ቀን 1981ን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ነው የምለው።

እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ለልጆቻችን ስል ልድገመው። ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለማርያም ወደ ምሥራቅ ጀርመን በረሩ። ጄኔራሎቹ መከላከያ ሚኒስቴር ተሰበሰቡ። ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይል አዛዡ ሜጀር ጄኔራል አምሐ ደስታ አሉበት። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሜጀር ጄኔራል ኃይለጊዮርጊስ ሀብተማርያም ግን አልተባበሩም። እዚያው በባልደረባቸው ጥይት ወደቁ። ሙከራው ሲከሽፍ መርዕድና አምሐ እጅ አልሰጡም፤ ሕይወታቸው እዚያው አለፈ። አሥመራ ላይ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ ተገደሉ። በግንቦት 1982 ደግሞ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ።

ለሥልጣን ሲሉ ነው የተነሱት የሚል አለ። እኔ አልቀበለውም። ከዚያ በፊት የሆነውን እንይ። በየካቲት 1980 ኤርትራ ውስጥ ይዋጋ የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በገዛ መንግሥታቸው ትእዛዝ ተረሸኑ። ብዙም ሳይቆይ የዕዙ መቀመጫ አፍአበት በሻዕቢያ እጅ ወደቀች፣ ናደውም ፈረሰ። በየካቲት 1981 ሽሬ ላይ ሌላ ሽንፈት መጣ፤ ጦሩም ትግራይን ለቆ ወጣ። አዛዡ ብቻውን አያዝም ነበር። አጠገቡ የፖለቲካ ኮሚሳርና የደህንነት ሰው ነበሩ። ስንቅና ጥይት የለኝም ያለ መኮንን ስለ ታማኝነቱ ይጠየቃል። ምሽግ ውስጥ ያለውን ልጅ ግን ማን ይጠይቅለት? እኔ እንደማምነው ጄኔራሎቹን ያስነሳቸው ይህ ነው። ሰዓታቸውን በውይይት ማባከናቸው ግን ብዙ ሕይወት አስከፍሏል። የኃይለጊዮርጊስ ደምም ከሙከራው ላይ አይታጠብም።

የታማኝነት ነገር ቀድሞም ቀላል አልነበረም። የደርግ የመጀመሪያ ሊቀመንበር የነበሩትን ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶምን አስታውሱ። ወላጆቻቸው ኤርትራውያን፣ እሳቸው በኦጋዴን ለኢትዮጵያ የተዋጉ መኮንን። ወደ ኤርትራ ጦር ከመጨመር ይልቅ እንነጋገር አሉ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ቤታቸው ተከቦ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ስንቱ መኮንን ነው ወንድሙ ሻዕቢያ ገብቶ እሱ ከኛ ጋር የቆየው! ሌሊቱን እንዴት እንደሚያሳልፈው ማንም አልጠየቀውም።

ስለ ክብር ስንናገርም የትግራይዋን ሐውዜንን መዝለል አንችልም። ሰኔ 15 ቀን 1980፣ በገበያ ቀን፣ ሕዝብ ላይ ከአየር ቦምብ ወረደ። በእኛ ወገን የተሠራ ነው። ለጀግኖቻችን የምንዘምር ከሆነ ይህንንም በአፋችን እንናገረው። ልጆቻችን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኛ ቢሰሙት ይሻላል።

ሥራ አስፈጻሚው ለዛሬው ጉባኤ ሁለት ነገር ያቀርባል። የመጀመሪያው በመታሰቢያ ዝርዝራችን ላይ የኃይለጊዮርጊስም፣ የመርዕድም፣ የታሪኩም ስም አብሮ እንዲሰፍር ነው። አንዳንዶቻችሁ እንደማትስማሙ አውቃለሁ፤ ቤተሰቦቻቸውንም ቀድመን እናማክራለን። ሁለተኛው ምስክርነት መቅዳት ነው። ያዩትን የሚናገሩ አባቶች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። የሻምበሉም የአሥር አለቃውም ቃል እንደ ጄኔራሉ እኩል ይቀዳል። ያዘዘውም፣ እምቢ ያለውም፣ የተማረከውም ይናገር፤ የሚቀዳው ልጅ አያቋርጠው፣ አይፍረድበት። «ከሃዲ» የሚለው ስድብ ከዚህ አዳራሽ ይውጣ፤ ይህን አጥብቄ ነው የምለምናችሁ።

ከሰዓት በኋላ በሁለቱም ላይ ድምፅ ትሰጣላችሁ። መቅጃ መሣሪያ ያላችሁ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ የምትችሉ ወጣቶች በምሳ ሰዓት ለጸሐፊያችን ስማችሁን ስጡ። ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን በአክብሮት አበስራለሁ።