ኦቾሎኒን ቤት ውስጥ ማብቀል፦ ነገሩ ያለው አፈሩ ላይ ነው

(ምስል፦ አንዲት ቢጫ አበባ፣ በጣም ከቅርብ)

ይቺን ትንሽ አበባ እዩዋት። ዛሬ ማለዳ ነው የፈካችው። ከሰዓት በኋላ ትጠወልጋለች። እሷ ከረገፈች በኋላ ነው ጉዱ የሚመጣው። ከነበረችበት ቦታ እንደ መርፌ የሾለ ቀጭን ዘንግ ይወጣና ቁልቁል ወደ መሬት ይጓዛል። አፈር ውስጥ ጥቂት ሴንቲሜትር ይወርዳል። ከዚያ ጫፉ ወደ ጎን ይታጠፍና ማበጥ ይጀምራል። ኦቾሎኒ ላይ አብቦ ታች ነው የሚያፈራው።

ከመሬት ስለሚነቀል ብዙ ሰው ሥር ይመስለዋል። አይደለም። የባቄላና የአተር ዘመድ ነው።

ስለዚህ አፈር ስትመርጡ ያንን መርፌ አስቡ። የላይኛው 5 ሴንቲሜትር አፈር ደርቆ ከጠጠረ መርፌው አይገባም። ካልገባ ደግሞ ፍሬ የለም። ፍሬው የሚያድገው ጨለማ ውስጥ ነው።

(ምስል፦ እፍኝ አፈር የያዘ እጅ)

አፈራችሁን ለመፈተሽ እጃችሁ ይበቃል። አንድ እፍኝ ውሰዱ፣ ውሃ ጠብ አድርጉበትና ጨብጡት። አሁን በአውራ ጣት ነካ አድርጉት። ፍርክስ ካለ፣ በቃ፣ ለኦቾሎኒ ይሆናል። እንደ ሊጥ ከተጣበቀና ስትድጡት ከተሳበ ሸክላ በዝቶበታል። ጭራሽ አልጨበጥ ብሎ በጣታችሁ መሃል ከፈሰሰ ደግሞ አሸዋ ነው፤ ውሃ እንዲይዝ ኮምፖስት ጨምሩበት።

እኔ መጀመሪያ የተከልኩት ሸክላ ላይ ነበር። ቅጠሉ ሲያምር! ለመንቀል ስስበው ግን ግንዱ እጄ ላይ ቀረ፣ ፍሬው መሬት ውስጥ። በማንኪያ ስቆፍር ዋልኩ።

ሸክላ አፈር ላይ ጥቂት አሸዋ ጣል ማድረግ ችግሩን አይፈታውም። ይልቅ ሥሩ የተበሳሳ ሰፊ ባልዲ ፈልጉና ልል አፈር ሙሉበት። ጥልቀቱ 30 ሴንቲሜትር ያህል ይሁን። ስፋቱን አትናቁት፤ ቅርንጫፉ ከባልዲው ውጭ ከተንጠለጠለ መርፌዎቹ የሚያርፉበት አፈር ያጣሉ።

ማዳበሪያ ላይ ረጋ በሉ። ናይትሮጅን ስታበዙ ቅጠል ነው የምታገኙት። ተክሉ ሥሩ ላይ ባሉት ትንንሽ እባጮች ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ያገኛል። አንዷን እባጭ በጥፍራችሁ ሰንጥቁ። ውስጧ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ናት።

የማይቀረው ካልሲየም ነው። ፍሬው ካልሲየም የሚወስደው ከሥሩ ሳይሆን በቀጥታ ከከበበው አፈር ነው። ሲያንሰው ቅርፊቱ ያድጋል፣ ስትሰብሩት ግን ባዶ። አበባ ሲጀምር ጂፕሰም (ካልሲየም ያለበት ማዕድን) ግንዱ ዙሪያ በተን ማድረግ ይረዳል።

ተከላው ቀላል ነው። ያልተቆላ፣ ቀዩ ልባሱ ያልተላጠ ዘር፤ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ጥልቀት፤ በመሃላቸው 20 ሴንቲሜትር ያህል። አፈሩ ሞቅ ማለት አለበት፤ ቢያንስ 18 ዲግሪ። ቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ላይ ዘሩ ይበሰብሳል።

ማበብ ሲጀምር ኮትኩታችሁ አፈር አስታቅፉት። መርፌዎቹ ከገቡ በኋላ ግን መኮትኮቻውን አስቀምጡት። አረሙን በእጅ ልቀሙ።

(ምስል፦ የተፈለቀቀ ቅርፊት፣ ውስጡ ጠቆር ያለ)

ከ4 እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ቸኩላችሁ ሁሉንም አትንቀሉ። አንድ ሁለት ፍሬ አውጡና ፈልቅቁ። የቅርፊቱ የውስጥ ግድግዳ ከጠቆረ ደርሷል። ነጭ ከሆነ ትንሽ ታገሱት።

ከነቀላችሁ በኋላ አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ አንድ ሁለት ሳምንት አንጠልጥሉት። ስትነቀንቁት ውስጡ ኳ ኳ ካለ ደርቋል። የሻገተ ካያችሁ ያለ ምንም ማቅማማት ጣሉት። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ጉበት ይጎዳል። ሳይንቲስቶች የደረሱበት በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ የቤት ወፎች ካለቁ በኋላ ነው። መኖው ውስጥ የተበከለ ኦቾሎኒ ነበረበት። መቁላት ደግሞ መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

ምጣዱን ከመጣዳችሁ በፊት ወፈር ወፈር ያሉትን ለዘር ለዩ። ከነቅርፊታቸው ይቀመጡ።