ግራ እግር የሚያርፍበት መንገድ

ሰላም ለሁላችሁም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ስለ ግራ እግር ነው። ማንዋል መኪና ሲነዳ ፍሪሲዮን ስለሚረግጠው እግር።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ እግር እረፍት የለውም። በሥራ መውጫ ሰዓት መገናኛ አካባቢ የነዳ ያውቀዋል። መርገጥ፣ መልቀቅ፣ ግማሽ ይዞ መሳብ፣ እንደገና መርገጥ። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስንማርም አብዛኛው ልፋት እዚሁ ፔዳል ላይ ነው። ዳገት ላይ መኪናዋ ወደ ኋላ ሳትንሸራተት ማስነሳት የቻለ ሰው "አሁን ነጂ ሆንክ" ይባላል።

ከአስፋልት ወጥቶ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ጭቃ ወይም ወንዝ ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ትልቁ ችሎታ ይህን እግር ማሳረፍ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከአንድ ነባር የመስክ ሹፌር ነው። ለውሃ ጥናት ሥራ አፋርና ደቡብ ኦሞ እንመላለስ ነበር። ጋሼ እላቸዋለሁ። ስማቸው እንዲጠራ አይወዱምና በዚሁ ልለፈው። መሪውን ሲሰጡኝ ረጅም ትምህርት አልሰጡኝም። አጠገቤ ተቀምጠው "እግርሽን አንሺ፣ ልጄ" ይሉኝ ነበር። መኪናዋ ዘንበል ስትል፣ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ፣ ቁልቁለቱ ሲያስፈራኝ ያው ነው። "እግርሽን አንሺ።"

መኪናችን ሃርድቶፕ ነበረች። መስክ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ይህ የላንድ ክሩዘር 70 ተከታታይ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ አለ። እኛ አገር በብዛት የምናየው 4.2 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ያለውን ነው። ፈጣን አይደለም። ግን በዝቅተኛ ዙር ጉልበት አለው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውም እሱ ነው።

አሁን አንድ ስሌት ላስገባ፤ ታገሡኝ፣ ሁሉም ነገር የሚገባው ከዚህ ነው። ከዋናው ማርሽ አጠገብ አጭር ዘንግ አለች። እሷን ወደ ፎር ሎው፣ አራቱም ጎማ በዝግታና በጉልበት ወደሚስብበት ቦታ፣ ስትከቷት የካምቢዮው ጉልበት ከ2 እጥፍ በላይ ይጨምራል። አንደኛ ማርሽ ደግሞ የራሱ ብዜት አለው፤ ዲፈረንሻሉም የራሱ አለው። ሁሉም ሲባዛ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ ወደ 40 ጊዜ ያህል ይዞራል። ነዳጅ ሳትሰጡት፣ በራሱ ሚኒሞ፣ ማለትም በዝቅተኛው ዙሩ፣ እየሠራ፣ መኪናዋ በሰዓት ከ3 ኪሎ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ትሳባለች። ሰው በእግሩ ቀድሟት ይሄዳል ማለት ነው።

ይህ ከገባችሁ ድንጋይ ላይ መንዳት ገባችሁ። ወደ ኤርታሌ ሲኬድ መጨረሻው አካባቢ የቀዘቀዘ ላቫ አለ። የተሰነጠቀ፣ ስለታም፣ ጥቁር ድንጋይ። እዚያ ሰው የሚፈራው መኪናው እንዳይፈጥንበት ነው፤ ስለዚህ ፍሪሲዮን ግማሽ ይዞ ለማዝገም ይሞክራል። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ይሸታል። ለማዝገም ፍሪሲዮን አያስፈልግም፤ ማዝገሙን ማርሹ አስቀድሞ ሠርቶታል። አንደኛ ሎው አስገብቶ፣ እግር ሙሉ በሙሉ ከፔዳሉ ላይ አንስቶ፣ መሪ ብቻ መያዝ ነው። መሪውንም ቢሆን አውራ ጣትን ወደ ውስጥ ሳያስገቡ። ጎማ ድንጋይ መትቶ መሪው በድንገት ሲዞር አውራ ጣት ይሰብራል።

ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ፍርሃት አለ። መኪና አፍንጫዋን ስትደፋ የሰው ሁለት እግሮች በራሳቸው ይዘረጋሉ። ቀኙ ፍሬን፣ ግራው ፍሪሲዮን። ከተማ ውስጥ ለመቆም የለመድነው እንደዚያ ነዋ። እዚያ ግን ፍሪሲዮን በተረገጠበት ቅጽበት ሞተሩ ከጎማው ይለያያል። መኪናዋን ይዞ የነበረው ሞተሩ ነበር። አሁን የያዛት የለም። ፍሬን ጠንከር ተደርጎ ከተረገጠ ደግሞ በልቅ አፈር ላይ ጎማው ይቆለፋል፤ የተቆለፈ ጎማ መሪ አይሰማም። ጋሼ "እግርሽን አንሺ" ሲሉኝ ይህን ሁሉ ሳይዘረዝሩ ነው። ሰውነት መጀመሪያ ይታዘዛል፤ ምክንያቱ በኋላ ይመጣል።

ዳገት ላይ ሞተር ሲጠፋም እንዲሁ ነው። ይህን በደንብ ልንገራችሁ፤ ሰው የሚገለበጥበት ቦታ ነው። ቀጥ ያለ ዳገት እየወጣችሁ፣ ጉልበት አነሰና ሞተሩ ጠፋ። መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ዜሮ አድርጎ (ከማርሽ አውጥቶ)፣ አስነስቶ እንደገና መሞከር ነው። አይሆንም። ፍሬኑን አጥብቃችሁ ያዙ፣ የእጅ ፍሬንም ጨምሩ። የኋላ ማርሽ ሎው አስገቡ። ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። አሁን መኪናዋን ማርሹም ይዟታል። መሪው ቀጥ ማለቱን እዩ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን አውርዱ፣ የእግር ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ፣ ፍሪሲዮን ሳትረግጡ ቁልፉን አዙሩ። ሞተሩ ማርሽ ውስጥ እንዳለ ይነሳና በዝግታ ወደ ኋላ ይዟችሁ ይወርዳል። በቆዩት ሃርድቶፖች ይህ ይሠራል። ፍሪሲዮን ካልተረገጠ አልነሳም የሚሉ አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን አይሠራም። የራሳችሁ መኪና የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሜዳ ላይ ፈትሹ፣ ዳገት ላይ ሳይሆን።

ዳገቱ ላይ ዞሮ ለመመለስ ግን በፍጹም አይሞከርም። ጎን የሰጠች መኪና ትንከባለላለች።

ወንዝ ላይ ጋሼ አይቸኩሉም። ይወርዳሉ፣ ሱሪያቸውን ይሰበስባሉ፣ በትር ይዘው በእግራቸው ይሻገራሉ። ጥልቀቱን፣ ድንጋዩን፣ የወራጁን ጉልበት ያያሉ። በእግር ለመቆም የሚያስቸግር ወንዝ ለመኪናም አይሆንም ይላሉ። ተመልሰው ሲመጡ ማርሹ ተወስኗል። "ማርሽ የሚመረጠው ከወንዙ ወዲህ ነው" ይሉኝ ነበር። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ሎው ነው። ከገቡ በኋላ መቀየር የለም። ውሃ ውስጥ ፍሪሲዮን ከተረገጠ በሸራውና በሳህኑ መካከል ውሃ ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይዞርም። ፊት ለፊት ትንሽ ማዕበል እየገፉ፣ ሳይፈጥኑ ሳይቆሙ መሻገር ነው። ሞተር ውስጥ ውሃ ገብቶ ከጠፋ ደግሞ ቁልፉን አትንኩት። ውሃ አይታመቅም። እንደገና ለማስነሳት ሲሞከር የሚታጠፈው የሞተሩ ብረት ነው።

እዚህ ጋ ነው የእኔ ዋና ሐሳብ። ማንዋል መኪና ከመንገድ ውጪ የምትጠይቀው ውሳኔን ወደ ፊት ማምጣት ነው። ችግሩ ውስጥ ገብቶ ማሰብ አይቻልም፤ እጅና እግር የሚሠራው ፍርሃት ይሆናል። ከወንዙ ወዲህ፣ ከዳገቱ ሥር፣ ከአሸዋው ጫፍ ላይ ቆሞ ማየት፣ ማርሽ መምረጥ፣ ከዚያ እግር ማንሳት። እኔ በተፈጥሮዬ የሚጨነቅ ሰው ነኝ። ሁሉንም ነገር እየነካካሁ ካልሄድኩ ይፈርሳል የሚመስለኝ። ወስኖ መተው የሚባለውን ነገር በሰውነቴ ያወቅሁት መሪ ላይ ነው፤ ምክር ሰምቼ አይደለም።

ግን ሐቁን ላዛባ አልፈልግም። አሸዋ ላይ አውቶማቲክ ይሻላል። ቱርሚ አካባቢ ደረቅ የወንዝ አሸዋ ያቋረጠ ሰው ይመሰክራል። አሸዋ የሚፈልገው የማይቋረጥ ጉልበት ነው። ማንዋል ላይ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን በረገጣችሁባት ሰከንድ አሸዋው መኪናዋን ይይዛታል። አውቶማቲክ ጉልበቱን ሳያቋርጥ ይቀይራል። ስለዚህ በማንዋል ሲሆን የጎማውን ንፋስ ከ36 ፒ.ኤስ.አይ ወደ 18 ገደማ አስተንፍሶ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሎው ይዞ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚያው መውጣት ነው። መቆም ካለባችሁ ፍሬን ሳትይዙ ራሷ እንድትቆም ተዉአት። ፍሬን ከጎማው ፊት የአሸዋ ክምር ይሠራል፤ ስትነሱ መውጣት ያለባችሁ እሱን ነው። የላንድ ክሩዘር 70 አምራቾች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ባለ 2.8 ሊትር ሞተር ከ6 ማርሽ አውቶማቲክ ጋር አቅርበዋል። አልተሳሳቱም።

ከፍታ ላይ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው መንገድ የሳነቴን አምባ ያቋርጣል፣ ከ4,000 ሜትር በላይ። እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ ሦስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ይደክማል። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ሆና የምትፈነጭ መኪና ሳነቴ ላይ ጥቁር ጭስ ታወጣለች። ነዳጅ መጨመር ጭሱን ብቻ ነው የሚጨምረው። ዙሩ ሳይወርድ፣ ገና ሲጀምር፣ አንድ ማርሽ ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። አውቶማቲኩ ይህን የሚያውቀው ዙሩ ከወረደ በኋላ ነው። እናንተ ግን ዳገቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። ቁልቁለት ላይ ዜሮ አድርጎ መልቀቅ። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ። የአባይ በረሃን፣ ሊማሊሞን በዜሮ የሚወርድ መኪና አይቻለሁ፤ ሰው ጭኖ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ያን ሁሉ ክብደት የሚይዘው ፍሬን ብቻ ሲሆን ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ ባዶ ይገባል። ቁጠባውም ቢሆን የለም። ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ካልተሰጠ፣ ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል፤ የናፍጣው ፓምፕ መስጠቱን ያቆማል። ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ሰው ነዳጅም ያባክናል፣ የሰው ሕይወትም ለአንድ ፔዳል ይሰጣል። እባካችሁ፣ የምትወዱት ሰው እንዲህ የሚነዳ ከሆነ ንገሩት። ተሳፋሪ ከሆናችሁም ተናገሩ።

ለምን አሁን ይህን አነሳሁ? በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። የእህቴ ልጅ መንዳት የጀመረችው በኤሌክትሪክ ነው፤ ግራ እግሯ ምን እንደሚሠራ ጠይቃኛለች። እኔ በዚህ አልከፋም። ኤሌክትሪክ ሞተር ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉ ጉልበት አለው፤ ቁልቁለት ላይም ራሱ ይይዛል፣ ባትሪም ይሞላል። ድንጋይ ላይ ለመሳብ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሃርድቶፖቹ ገና ለብዙ ዓመት ይኖራሉ። ክትባት የሚያደርሱት፣ ጉድጓድ የሚያስቆፍሩት፣ ወላድ ጭነው ወደ ጤና ጣቢያ የሚሮጡት እነሱ ናቸው። የሚነዷቸው ወጣቶች ግን ይህን የሚማሩበት ትምህርት ቤት የለም። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ስለ ፎር ሎው አይጠይቅም። እውቀቱ ያለው እንደ ጋሼ ባሉ ሰዎች እግርና ጆሮ ውስጥ ነው፤ እነሱም ጡረታ እየወጡ ነው። ስለዚህ ድምፃቸውን መቅዳት ጀምሬያለሁ። ቁጭ አድርጌ "እስቲ ንገሩኝ" እላለሁ፣ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ።

እስካሁን ያልተስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ እሱን ለእናንተ ልተወው። ዋልካ አፈር ላይ፣ ዝናብ ከጣለ በኋላ። ያ ጥቁር ጭቃ ጎማው ላይ ተጠምጥሞ ጥርሱን ሲሞላው። ጋሼ ሦስተኛ ሎው ነው ይላሉ፤ ጎማው ፈጥኖ ሲዞር ጭቃውን ይወረውረዋል። ጋምቤላ ብዙ ዓመት የሠሩ ሌላ ሹፌር ደግሞ አይደለም፣ ሁለተኛ ነው፤ ጎማ ከፈጠነ ይቆፍራል፣ መኪናዋ በሆዷ ትተኛለች ይላሉ። ሁለቱንም ተቀምጬ አዳምጫለሁ፤ ሁለቱም ከጭቃ የወጡ ሰዎች ናቸው። ዋልካ ላይ የነዳችሁ፣ ወይም አባታችሁ፣ አጎታችሁ የነዳ ካላችሁ ጠይቁና በድምፅ ላኩልኝ። የትኛው አካባቢ፣ የትኛው መኪና፣ ምን ዓይነት ጎማ እንደነበር ጨምሩበት። በሚቀጥለው ክፍል አሰማችኋለሁ። እስከዚያው ደህና ሁኑ።