14 ጎማ

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬም ከደሴ ነው የማወራችሁ፤ ከዚያችው ከጓዳው ጎን ካለችው ክፍሌ። ውጪ ጉም ነው። የጦሳ ተራራ ከነአካቴው ጠፍቷል። በሩን ዘግቼዋለሁ፤ ድስት ሲንኳኳ ከሰማችሁ ግን እናቴ ናት፣ አትፍረዱባት።

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ መጣና ጠረጴዛዬን አየት አድርጎ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ሞዴል መኪና እሠራለሁ ትላለህ፤ መኪናው የታለ?» አለኝ። ምን ልበለው? አንድ ጋቢና አለ። ግማሽ ሻሲ አለ። የቀረው መሣሪያ ነው። መኪናውን የምሠራበት መሣሪያ፣ ያንን መሣሪያ የምሠራበት ሌላ መሣሪያ። እሱ ለቀልድ ነው ያለው፤ እኔ ግን ሳብሰለስለው አደርኩ። ስለዚህ ዛሬ መኪናውን ትቼ ስለ መሣሪያዎቹ ላውራ።

መኪናዋ ኤንትሬ ናት። ፊያት 682 ኤን 3 የጭነት መኪና፤ ሹፌሮቻችን በጣሊያንኛው አጠራር «ኤንትሬ» ብለው ያስቀሯት። ፊያት የ682ን ዘር ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። አባቴ በ1970ዎቹ ረዳት ሆኖ የሠራው እሷ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ፣ ከዚያ በረሃውን ሰንጥቆ አሰብ ወደብ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ። የአባቴ ወሬ ግን አልተዘጋም። ቡና በተፈላ ቁጥር አሰብ ደርሰን እንመለሳለን።

የምሠራው በ1 ለ 24 ነው፤ የእኔዋ 1 ሳንቲም የእውነተኛዋ 24 ሳንቲም ማለት ነው። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ አንድ ጫማ ወደ ግማሽ ኢንች ሲወርድ 1 ለ 24 ይሆናል። አውሮፕላን የሚሠሩት ደግሞ 1 ለ 72 ይወዳሉ። እዚያ 6 ጫማ የሚረዝም ሰው ልክ 1 ኢንች ነው። እኔ አንድ ጋራዥ ጓሮ የቆመች አሮጌ ኤንትሬ አግኝቼ፣ ዘበኛውን ለምኜ፣ በሜትር ለካኋት። የጎማዋ ቁመት 1 ሜትር ከ8 ሳንቲም። ለ24 ሲካፈል 4.5 ሳንቲም። የጋቢናዋ ወርድ 2 ሜትር ተኩል፤ ሲካፈል 10.4 ሳንቲም። ሁሉም ወረቀት ላይ ያምራል።

የመጀመሪያውን ጥፋት ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ማስመሪያዬ ጫፉ ተበልቶ ነበር። የጎረቤት ልጅ ማስመሪያ ተዋስኩና ፎቶ ኮፒ አስደረግኩት። ወረቀቱን ኮምፔንሳቶ ላይ ለጥፌ የራሴን ማስመሪያ ሠራሁ። ብልጠቴን አያችሁ! ለካ ማሽኑ ወረቀቱን ትንሽ አሳንሶት ኖሯል። 10 ሳንቲም የሚለው 9.7 ነበር። ጋቢናዬ 3 ሚሊ ጠበበች። 3 ሚሊ ምን አላት ትሉ ይሆናል። እውነተኛዋ መኪና ላይ ከ7 ሳንቲም በላይ ነው። ረዳቱ የት ይቀመጥ? አፈረስኳት። ከዚያ በኋላ ካሊፐር ገዛሁ፤ ዕቃውን በሁለት መንጋጋ ይዞ ሚሊዋን ሳይቀር የሚለካውን። ማንኛውንም መሣሪያ እንሥራው ብትሉኝ አብሬያችሁ አለሁ፤ መለኪያ ግን ግዙ። ስስ ሞረድም ግዙ። እሱንም ሞክሬዋለሁ፣ አላወራውም።

የፎም መቁረጫው ግን ያኮራኛል። መኪናዋ የምትቆምበትን የሐረጎን ጠመዝማዛ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ፣ መሥራት ነበረብኝ። ገደሉን የምቀርጸው ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው ነጭ ፎም ነው። ፎም በቢላ ሲቆረጥ ፍርፋሪው ቤቱን ይሞላዋል፤ ፀጉር ላይ ይለጠፋል፣ እንጀራ ላይ ሁሉ ይገኛል። በጋለ ሽቦ ግን ይቀልጥና ጸጥ ብሎ ይከፈላል። ሽቦውን ያገኘሁት ከእናቴ የተበላሸ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ጥቅልሉን ፈትቼ 25 ሳንቲም ቆረጥኩ፤ ሴጌቶ ላይ በምላጩ ቦታ ወጠርኩት። ኃይሉ ከሞተ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ነው። አረንጓዴውን ከጥቁሩ ጋር ስታገናኙት ይነሳል። ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5 ቮልት ይሰጣል።

እኔ ምን ቸኮለብኝ፣ በ12ቱ ጀመርኩ። ሽቦው ፍም መሰለ። ፎሙ ሳይነካው ከሩቁ ሸሸ፣ ጥቁር ጭስ ተነሳ፣ ሽቦው ጧ ብሎ ተበጠሰ። እናቴ ከጓዳ፣ «አንተ ልጅ፣ ቤቱን አከረፋኸው!» እውነቷን ነው፤ ያ ጭስ ለሳንባም አይበጅም። ወደ 5 ቮልቱ ስቀይረው ሽቦው መቅላቱን ተወ፣ ግን ይቆርጣል። መቅላት የለበትም ለካ። ቀልቶ ካያችሁት በዝቷል ማለት ነው። ብቻ አደራ፣ ከግድግዳው 220 ቮልት ጋር በቀጥታ እንዳታገናኙት። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

መስታወቱስ? የኤንትሬ የፊት መስታወት ጎንና ጎኑ ጎበጥ ይላል፤ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ቆርጦ መለጠፍ አያዋጣም። ከዋንዛ እንጨት የጋቢናውን ግንባር ቀረጽኩ። ዋንዛ ለምላጭ እጅ ይሰጣል፣ አይሰነጠቅም። እንጨቱን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ አስገብቼ ከሰል ላይ ያዝኩት። ሃይላንድ ሲሠራ ተነፍቶ የተለጠጠ ስለሆነ፣ ሲሞቅ ወደ ቀድሞው ሊሸበሸብ ይፈልጋል። እንጨቱን ጥብቅ አድርጎ ያቅፈዋል። የኔው አቀፈ፣ ግን በከሰሉ በኩል እንደ ወተት ነጣ። ፕላስቲኩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ እንዲያ ነው የሚሆነው። ሦስት ሃይላንድ አጠፋሁ።

በአራተኛው እናቴ ሽሮ ልትሠራ ውሃ ጥዳ ነበር። ለምን እዚያ ውስጥ አልነክረውም? ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 91፣ 92 ላይ ይፈላል። ለምግብ ይሄ እዳ ነው፣ ባቄላ እንቢ ይላል። ለእኔ ግን ሲሳይ ሆነ። ፕላስቲኩን ለማሸብሸብ ይበቃዋል፣ ለማንጣት ግን አይደርስም። እንጨቱን ከነሃይላንዱ ነከርኩት፣ በዓይኔ እያየሁት ቆዳ ለበሰ። መስታወት የመሰለ መስታወት! ሽሮው ምን ሆነ እንዳትሉኝ። ሌላ ውሃ ተጣደ።

ቀለም ላይ ብዙ አልቆይም። ባለፈው ሐምሌ አንቲሩጂኒ ቀብቼ፣ ስቱኮውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ቀዩን ቀለም በቲነር አቅጥኜ ረጨሁ። በነጋታው ቀዩ ላይ ነጭ ጭጋግ ተኝቶበታል። የደሴ ጉም መኪናዬ ላይ ወረደ! ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቲነሩ ቶሎ ሲተን ቀለሙን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ጤዛው እላዩ ላይ ያርፋል። አሁን ከካርቶን ሣጥን ሠርቼ ውስጡ የድሮ ቢጫ አምፖል ሰቅያለሁ። የቲነሩ ሽታ ውጪ ወጥቶ እስኪያልቅ አቆየዋለሁ፣ ከዚያ ሣጥኑ ውስጥ አሳድረዋለሁ። በጣም የቸኮልኩ ቀን ደግሞ ታክሲ ይዤ ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ እወርዳለሁ። 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው።

አሁን ወደ ጎማው። ጓደኛዬ ያልገባው ይሄ ነው። አንድ ጎማ በእጅ ይሠራል፤ በምላጭ ቆርጠህ፣ ሞርደህ፣ ተሳድበህ ትጨርሰዋለህ። ኤንትሬ ግን ከነተሳቢዋ 14 ጎማ አላት። ፊት 2፣ ኋላ 4፣ ተሳቢው 8። አሥራ አራቱንም አንድ ዓይነት አድርገህ በእጅ ሥራ ቢሉህ ያኔ መሣሪያ ያስፈልግሃል። ሞዴል ሠሪ መሣሪያ የሚሠራው ለመጀመሪያው ዕቃ አይደለም፣ ለሁለተኛው ነው።

ጎማውን የምቆርጠው ከነጠላ ጫማ ሶል ነው። የተረከዙ ውፍረት 12 ሚሊ ይሆናል፤ ልክ የምፈልገው። ክቡን አውጥቼ መሐሉን በስቼ ብሎን አሳልፌ በዳዶ አስረዋለሁ። ብሎኑን ትራፓኖ፣ መብሻ ማሽኑ፣ ይነክሰዋል። ትራፓኖው በሞርሳ ተይዟል። ይኸው ቶርኖ፣ ዕቃ እያዞሩ የሚፍቁበት ማሽን! ቀስ ብሎ ይዙር እንጂ፤ ከፈጠነ ሶሉ ይቀልጣል፣ እንደገና «አከረፋኸው» ይመጣል። መጀመሪያ ብርጭቆ ወረቀቱን በእጄ ይዤ አስነካው ነበር። አንዱ 44 ሚሊ ወጣ፣ አንዱ 46፣ አንዱን ትራፓኖው አዘለለውና ጎኑ ተቦጨቀ። የተበላሸውን ሁሉ የወተት ጣሳ ውስጥ እወረውራለሁ። ጣሳው ሞላ።

መፍትሔው አንዲት የቁም ሣጥን ማጠፊያ ሆነች። ኮምፔንሳቶውን በማጠፊያ ከጠረጴዛው ጋር አያያዝኩት። ፊቱ ላይ ብርጭቆ ወረቀቱን ለጠፍኩ። ወደ ጎማው ስገፋው ይፍቃል፤ 45 ሚሊ ላይ ሲደርስ ከሥሩ ያሰርኩት ብሎን ይይዘዋል። ከዚያ በላይ አይሄድም፤ እኔ ብፈልግም አይሄድም። መስመሮቹን በሴጌቶ ምላጭ ስባሪ አወጣኋቸው። ሁለት ወር የፈጀብኝ ነገር በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አለቀ። አሥራ አራቱን ትሪ ላይ ደረደርኳቸው።

አባቴ ቶናውን ይዞ ገባ። አንዱን አነሳ፣ ገለበጠ፣ ሌላውን አነሳ።

«ሁሉም እኩል ናቸው?» አለኝ።

«በካሊፐር ለክቻቸዋለሁ፣ አባ። አንድም ልዩነት የላቸውም።»

ሳቀ። ስኒውን አስቀመጠ። «እኔ ከአሰብ ሲመለስ 14 እኩል ጎማ ያለው መኪና አይቼ አላውቅም። አዲሱ ፊት ነው የሚገባው። ሲሳሳ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከኋላ ወደ ተሳቢ። ተሳቢው ላይ ሲደርስ ራሰ በራ ነው።»

እኔ ዝም አልኩ። ፊቴን አይቶ «አብሽር፣ ልጄ» አለኝና የወተት ጣሳውን ሳበ። አንድ በአንድ እያወጣ ትሪው ላይ ይለዋውጥ ጀመር። የኔን እኩሎች ከፊት አስቀራቸው። 44ቱን ወደ ተሳቢው ወሰዳቸው። ያንን ጎኑ የተቦጨቀውን ሲያገኝ ግን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው።

«ይሄ ባቲ ላይ ያደርንበት ነው» አለ። «እሱን ከውስጥ በኩል አርገው፤ ትራፊክ እንዳያየው።»