ስኩዊዱ ሲጠቀለል

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ ሰኔ 9፣ የቤት ሠራተኞች ቀን ነው። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ ቤት ሠራተኞች ስላወጣው ስምምነት ቁጥር 189 ተናገሪ ተብያለሁ። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ የሆንግ ኮንግ አባባል ላውጋችሁ።

እዚያ አገር ሰው ከሥራ ሲባረር በካንቶኒዝ «ቻው ያው ዩ» ይሉታል። ስኩዊድ መጥበስ ማለት ነው። ይህ የባሕር እንስሳ ሥጋው በቢላ ጫር ጫር ተደርጎ የጋለ መጥበሻ ላይ ሲጣል ወዲያው ይጠቀለላል። ዱሮ የሱቅ ሠራተኛ አሠሪው ዘንድ እየበላ እዚያው ያድር ነበር። ምንጣፉንና ብርድ ልብሱን ይዞ ይገባል፤ ውጣ ሲሉት ያንኑ ጠቅልሎ ይወጣል። አባባሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ይህን የነገረችኝ ሆንግ ኮንግ ሠርታ የመጣች ፊሊፒናዊት ናት። አረብ አገር አንድ ቤት ነበርን። እሷ ወጥ ቤት፣ እኔ ልጆች ጋር። አንድ ማታ ማዳምን የተጠራቀመ ደመወዜን ጠየቅኳት። ሌላ ያጠፋሁት ነገር የለም። «አሁኑኑ ውጪልኝ» አለች። ፓስፖርቴ እሷ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ፊሊፒናዊቷ አንሶላ መሬት ላይ ዘረጋችልኝ። ቀሚሴን፣ ነጠላዬን፣ ለእናቴ የገዛሁትን ሽቶ መሃሉ አድርገን ጠቀለልነው። ጫፉን እያሰረች ነው ስለ ስኩዊዱ የነገረችኝ። ሁለታችንም እናለቅስ ነበር። ያ ደመወዝ እስከ ዛሬ አልተከፈለኝም!

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንቶቻችን ነን በፌስታል የተመለስነው?

በሆንግ ኮንግ ዛሬ የባንክ ሠራተኛ ሲባረር ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለእሱ ነገሩ አባባል ብቻ ነው። ከ300,000 በላይ የሚሆኑት የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ አሠሪያቸው ቤት የማደር ግዴታ አለባቸው። ውላቸው ሲቋረጥ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ አገሩን ለቀው መውጣት አለባቸው። እንጀራዋን ስታጣ ማደሪያዋንም አብራ የምታጣ ሴት እንዴት አፍ አውጥታ መብቷን ትጠይቅ? የሚያንገበግበኝ ይህ ነው! ዝም የምንለው ስለምንፈራ ብቻ አይደለም። የምናድርበት ስለሌለን ነው!

ካንቶኒዝ ተናጋሪዎች ሠራተኛው ራሱ ሥራ ሲለቅም «የአለቃዬን ስኩዊድ ጠበስኩ» ይላሉ። እኛም በገዛ ፈቃዳችን፣ ደመወዛችንን ተቀብለን፣ በቀን ብርሃን መውጣት እንፈልጋለን!

ስምምነት ቁጥር 189 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ጄኔቫ ላይ ጸደቀ። አንቀጽ 9 ሠራተኛዋ አሠሪዋ ቤት ማደር አለማደሯን በስምምነት እንድትወስን፣ ፓስፖርቷንም ራሷ እንድትይዝ ይላል። ኤጀንሲዎች እዚህ አላችሁ። ከነገ ጀምሮ በምታስፈርሙት ውል ላይ ይህን ጻፉልን።

አመሰግናለሁ።