«ዶክተር፣ ለጓደኛዬ ነበር»

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ የምትሰሙኝ የጆሮ ማዳመጫችሁን አድርጉ፤ ቤት ያላችሁም ልጆቹን ውጭ ላኳቸው። ዛሬ የማወራው ስለ መኝታ ቤት ነው፤ የዘር ፈሳሽ ያለጊዜው ስለሚፈስበት ወንድና ስላሉት ሕክምናዎች።

እንደምታውቁት የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። ይህን ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ሰው ገና ከበሩ ያስታውቃል። ባልደረባዬ ሴት ስለሆነች እሷ ፊት አይቆምም። ጥግ ይዞ የጥርስ ሳሙና ካርቶን እያገላበጠ ወረፋው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ «ዶክተር፣ ለጓደኛዬ ነበር» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ ጓደኛውም ጓደኛ አይደለም። ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን እንተላለፋለን። የሚጠይቀኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ ቫያግራ።

ቫያግራ ለመቆም እንጂ ለመቆየት የተሠራ መድኃኒት አይደለም። ሥራው ደም ወደ ብልት በደንብ እንዲገባ መርዳት ነው። እርግጥ ብልቱ እንዳይከዳው ፈርቶ የሚጣደፍ ወንድ አለ፤ እሱን የሚያስቸኩለው የመቆም ችግሩ ስለሆነ ያ ቀድሞ ሲታከም ጥድፊያውም ሊቀልለት ይችላል። ለሌላው ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ለልብ ሕመሙ የናይትሬት ክኒን ለሚወስድ ሰውማ ሕይወት የሚያሳጣ ነገር ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊት ክፉኛ ይወርዳል።

ስለዚህ መልሼ እጠይቃለሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲህ የሆነ ሰውና ዓመታት በሰላም ኖሮ ድንገት የተለወጠበት ሰው አንድ አይደሉም። የኋለኛው የእንቅርት ሆርሞኑ በዝቶ፣ ከፊኛ ሥር ያለው ዕጢ፣ ፕሮስቴቱ፣ ተቆጥቶ ወይም ጭንቀት ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ምክንያቱ ይፈለጋል። ቀጥዬ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ እጠይቃለሁ። እዚህ ላይ የምሰማው አንዳንዴ ያስቀኛል፤ «አምስት ደቂቃ ብቻ» እያለ የሚያለቅስ አለ።

በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ አንድ ጥናት ነበር (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በኔዘርላንድስ፣ በብሪታንያ፣ በስፔን፣ በቱርክና በአሜሪካ የሚኖሩ 500 ጥንዶች ሰዓት መቁጠሪያ ተሰጥቷቸው ከመግባት እስከ መፍሰስ ያለውን ጊዜ ለኩ። መካከለኛው ውጤት 5.4 ደቂቃ ሆነ። አፍሪካዊ አገር አልተካተተበትም፤ ቢሆንም በፊልም ያየውን ከራሱ ጋር እያስተያየ የሚሰቃይ ወንድ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ሐኪሞች ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለ ችግር ነው የሚሉት አንድ ደቂቃ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው፤ በኋላ የመጣ ከሆነ ደግሞ ወደ ሦስት ደቂቃና ከዚያ በታች ሲወርድ። እሱም ብቻውን አይበቃም፤ ሰውየው ራሱን መግታት ካቃተውና ነገሩ ካስጨነቀው ነው።

ችግሩ በእርግጥ ካለ ምን ይደረጋል? በጣም የሚመስጠኝ የቆየው ዘዴ ነው። በ1956 ጄምስ ሴማንስ የሚባል አሜሪካዊ የሽንት ቧንቧ ሐኪም መጀመርና ማቆም የሚባለውን ልምምድ ጻፈ። ሚስት በእጇ ታነቃቃለች፤ ባል ሊፈስ መቃረቡ ሲሰማው ይነግራታል፤ ታቆማለች፤ ስሜቱ ሲበርድ እንደገና ይጀምራሉ። ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ማስተርስና ጆንሰን የሚባሉ አሜሪካውያን የወሲብ ተመራማሪዎች የብልቱን ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ጨበጥ አድርጎ መያዝን ጨመሩበት። ልብ በሉ፦ ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ሳይሆን ወሬ ነበር። ባል አፉን ከፍቶ «ቆይ» እንዲል፣ ሚስትም ሰምታ እንድትቆም። እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይጠቁራል። ክኒን ብሰጣቸው ይመርጣሉ፤ ክኒን ሚስትን አያማክርም።

ከወገብ በታች ያሉትን ጡንቻዎች ማጠንከርም አለ። ሽንትን ለማቋረጥ የምናጠብቀውን ጡንቻ እያጠበቁ መልቀቅ ነው፤ ጡንቻውን ካወቃችሁት በኋላ ግን እየሸናችሁ አትለማመዱ። በ2014 የታተመ የጣሊያን ጥናት ላይ 40 ወንዶች ለ12 ሳምንታት በባለሙያ እየታገዙ ሠርተው 33ቱ መቆጣጠር ችለዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ግን ዋጋው ትዕግሥት ብቻ ስለሆነ እመክረዋለሁ።

ከዚያ የሚቀባው ይመጣል። ሊዶካይንና ፕሪሎካይን ያለበት ክሬም ወይም የሚረጭ ፈሳሽ የብልትን ጫፍ በመጠኑ ያደነዝዛል። ክሬም ከሆነ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ቀደም ብሎ ይቀባል፤ ከዚያ በደንብ ይታጠባል፣ ወይም ኮንዶም ይደረጋል። መታጠቡን የዘለለ ሰው ሚስቱንም ያደነዝዛታል፤ አብዝቶ የቀባ ደግሞ ራሱ መቆም ያቅተዋል።

በሐኪም ከሚታዘዙት ክኒኖች ውስጥ ፓሮክሴቲን፣ ሰርትራሊን፣ ፍሉኦክሴቲንና ክሎሚፕራሚን የሚታወቁት በድብርት ሕክምና ነው። የዘር ፈሳሽ ማዘግየታቸው ሌላውን ታካሚ የሚያማርር የጎንዮሽ ጉዳት ነበር፤ ለዚህኛው ሰው ግን መድኃኒት ሆነ። አንዱ ከሐኪም ማዘዣ ጋር መጥቶ ክኒኑን ወሰደ፤ ማታ ወረቀቱን ሲያነብ «ለድብርት» የሚል አገኘ። በማግስቱ ፓኮውን ባንኮኒው ላይ ወርውሮ «እኔ እብድ ነኝ እንዴ?» አለኝ። አልፈረድኩበትም፤ ያዘዘለት ሐኪም ሁለት ደቂቃ ወስዶ ቢያስረዳው ኖሮ አይመጣም ነበር። በየቀኑ ሲወሰዱ ሙሉ ውጤታቸውን ለማየት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ሊያስፈልግ ይችላል። ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ ሊያመጡ ይችላሉ። በድንገት አይቋረጡም። ልጅ ለመውለድ እያሰባችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ የወንዱን የዘር ሕዋስ ሊነኩ ይችላሉ። ሲቆሙ ደግሞ ችግሩ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ለዚሁ ጉዳይ ተብሎ የተሠራው ዳፖክሴቲን ነው። ከ2009 ጀምሮ በስዊድንና በፊንላንድ፣ ቀጥሎም በሌሎች አገሮች ተፈቀደ፤ አሜሪካ አልፈቀደችውም። ከግንኙነት በፊት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ይዋጣል። ራስ ማዞር አለው፤ ራሱን የሚስትም አለ፤ ስለዚህ ከመጠጥ ጋር አይሆንም።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። «ጓደኛዬ ይሄ ሠርቶለታል» እያሉ ትራማዶል የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ። ያዘገያል፤ አልዋሽም። ነገር ግን ከሞርፊን ወገን የሆነ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ሱስ ያስይዛል፣ የሚጥል በሽታ ያስነሣል፣ ከላይ ከጠቀስኳቸው የድብርት ክኒኖች ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሊገድል ይችላል። ለሁለት ደቂቃ ብሎ ዕድሜ ልኩን የሚለምን ሰው አይቻለሁ። በቴሌግራም «ንጹሕ የተፈጥሮ ነው» እየተባለ የሚሸጠው ማርና ዱቄትም አለ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2022 እንዲህ ያሉ የማር ምርቶችን መርምሮ ውስጣቸው ያልተጻፈ ሲልዴናፊል፣ ማለትም ያው የቫያግራው መድኃኒት፣ እና የእሱ ወገን የሆነ ታዳላፊል አግኝቷል፤ ሻጮቹንም አስጠንቅቋል። የናይትሬት ክኒን የሚወስድ አዛውንት ያንን ማር ቢልስ ምን እንደሚሆን ቅድም ነግሬያችኋለሁ።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ሴት መጣች። አልተሽኮረመመችም፤ ባልደረባዬ ፊት ቆማ ድምጿን ሳትቀንስ «ባለቤቴ ቶሎ ስለሚጨርስ አፍሮ ማታ ማታ መሸት አድርጎ መግባት ጀምሯል፤ ወዴት ልውሰደው?» አለች። ወደ ሽንት ቧንቧና የወንዶች ጤና ሐኪም ላክናት፤ አብረው ቢሄዱ እንደሚሻልም ነገርናት። እሷን ያስከፋት ደቂቃው አልነበረም፤ ጀርባ መሰጠቷ ነበር። ባልየው ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም።

እንግዲህ ከዚህ ክፍል በኋላ የመልእክት ሳጥኔ እንደሚሞላ አውቃለሁ። «ስንት ሚሊግራም ልውሰድ?» ለምትሉኝ አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ አልመልስም። ልባችሁን፣ ጉበታችሁን፣ የምትወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሳላውቅ መጠን አልናገርም። የትኛው ሐኪም ጋ ልሂድ፣ ምን ብዬ ልጀምር ካላችሁኝ ግን ጻፉልኝ። ለጓደኛዬ ነው ብትሉም እመልሳለሁ።