ምክር መጠየቅ መቼ ነው ችግር የሚሆነው?

[ምስል፦ ጫማ ቤት ውስጥ ስልክ የምትደውል ሴት]

የ32 ዓመት ሴት ናት እንበል። ሥራና ደመወዝ አላት። ጫማ ለመግዛት ግን ባሏን ሳትጠይቅ አትቆርጥም። ስልኩን ካላነሳ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ዘመድ ደግሞ «እንዴት ያለች ጨዋ!» ይላታል።

ቸኩለን ታማለች አንበል። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሳያማክሩ ትዳር መያዝም ቤት መሸጥም ያስወቅሳል። ይህ ባህል ነው። የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ ዲኤስኤም የሚባለው፣ ጠባዩ ከሰውየው ባህል በግልጽ ካላለፈ ሕመም እንዳይባል ያሳስባል።

[ስክሪን ላይ፦ የጥገኝነት ስብዕና መዛባት]

የጥገኝነት ስብዕና መዛባት የሚባለው ሕመም ሥሩ ፍርሃት ነው። «የሚንከባከበኝ ካጣሁ አለቀልኝ» የሚል፣ ከወጣትነት ጀምሮ የትም ቦታ የማይለቅ ፍርሃት። መመሪያው 8 ምልክቶች አሉት፤ ቢያንስ 5ቱ መታየት አለባቸው። ሁሉንም አልደረድርላችሁም። ሰውየው ድጋፍ እንዳይቀርበት ሲል የማያምንበትን «እሺ» ይላል። እንዲወዱት የማይፈልገውን ሥራ ይሸከማል። ብቻውን ሲሆን ይጨንቀዋል። ፍቅረኛው ስትለየው ደግሞ ኀዘኑ ሳይወጣለት ሌላ ተንከባካቢ ፍለጋ ይሮጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብትናገር የምትደበደብ ሴት ዝም ማለቷ ምልክት ተብሎ አይቆጠርም። የምትፈራው እውነተኛ አደጋ ነው። መመሪያውም ይህን ለይቶ ጽፎታል። እሷን «ጥገኛ» ብሎ መሰየም በቁስሏ ላይ ጨው መነስነስ ነው፤ የሚያስፈልጋት ከዱላው መጠበቅ ነው።

[ምስል፦ ሁለት ወንበሮች፣ የምክር ክፍል]

ለዚህ መዛባት ተብሎ የተሠራ መድኃኒት የለም። አብሮት የሚመጣው ድብርት ወይም ጭንቀት ግን በመድኃኒት ሊታከም ይችላል። ዋናው ሕክምና የንግግር ሕክምና ነው። እሱም ወጥመድ አለው። ታካሚዋ ቀጠሮ አታዛንፍም፣ በሁሉም ትስማማለች። ባለሙያው ሲደሰት እሷ ቀስ ብላ «እርስዎ ምን ላድርግ ይላሉ?» ማለት ትጀምራለች። ውሳኔዋን ከባሏ ወደ ሐኪሟ አዛወረችው ማለት ነው! ጎበዝ ባለሙያ ግን ጥያቄውን መልሶ ለራሷ ያቀርብላታል፦ «አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?» ከምሳ ምርጫ ጀምረው፣ እያደር እምቢ ማለትን ይለማመዳሉ። ወራት ይፈጃል።

ቤተሰብ ታዲያ በአንድ ጀምበር «ራስሽን ቻይ» ብሎ እጁን ባይሰበስብ ይሻላል። ለሕክምና ደግሞ ሰው የሚያስበው አማኑኤልን ብቻ ነው። ብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ጤና ተመላላሽ ክፍል አላቸው።