ከቦነስ ወደ ደመወዝ፦ በልብስ ፋብሪካ አሠሪዎች ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማነሳው ደመወዝ የምንወስንበትን ሥርዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ይደነግጋል፤ ቦርዱ የአገሪቱን ዕድገትና የሥራ ገበያውን እያጠና ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው እንዲያሻሽል። ዓመታት አለፉ፣ እኛ ግን አሁንም ያለ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ነው የምንሠራው። ይህ ለአሠሪው ይበጃል የሚሉ ባልደረቦች አሉ። አልስማማም፤ ምክንያቴም ፔይሮላችን፣ የደመወዝ መክፈያ መዝገባችን፣ ላይ አለ።

ዋናው ደመወዝ 3,000 ብር፣ ወሩን ሙሉ ሳይቀሩ ለሚገኙ ደግሞ 1,000 ብር ቦነስ እንበል። እንዲህ የምንከፋፍለው ጡረታ፣ ትርፍ ሰዓትና የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰሉት በዋናው ደመወዝ ላይ ስለሆነ ነው። ነገር ግን ልጇ ታሞባት ወሩ በገባ በ5ኛው ቀን የቀረች ኦፕሬተር፣ የስፌት ማሽን ሠራተኛ፣ ቦነሷ ያን ዕለት ተቃጠለ። በቀሩት ሦስት ሳምንታት ብትቀር የምታጣው የቀን ሒሳቧን ብቻ ነው፤ ቦነሱ ከእንግዲህ ከመቅረት አያግዳትም። ኮሌታ የምትገጥምበት ማሽን ባዶ ሲሆን ከእሷ በፊት ያለው ሥራ ይከመራል፤ ከእሷ በኋላ ያሉት ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ።

1,000 ብሩ ወደ ደመወዙ ቢገባስ? የአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ከ330 ወደ 440 ብር ያድጋል። ወሩን በ208 ሰዓት ካካፈልን፣ በ1.5 የሚባዛው የቀን ትርፍ ሰዓት ከ21.63 ወደ 28.85 ብር ይወጣል። ግብሩ ባለበት ይቆያል፤ ቦነሱም ቀድሞ ይቀረጥበት ነበር። ጭማሪው ቀላል አይደለም። ግን ነባሯ ለቅቃ አዲስ ኦፕሬተር እጇ እስኪፈታ ከምናባክነው ጨርቅና ሰዓት ጋር አስተያዩት።

በ2014 አጎዋ፣ ማለትም ምርታችንን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የምንልክበት ዕድል፣ ተቋረጠብን። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደመወዛችን በዶላር ረከሰ፤ የሠራተኛዋ የቤት ኪራይና ዘይት ግን አልረከሱም። በርካሽ ጉልበት ብቻ ገበያ ይገኛል የሚለው ስሌት እዚያ ላይ ነው የሚሰበረው።

ስለዚህ ቦርዱ እንዲቋቋም በግልጽ እንጠይቅ። የደመወዝ ማሻሻያው ወር የታወቀ ይሁን፤ አዲሱ መጠን ቢያንስ ከ6 ወር በፊት ይነገረን። የትዕዛዝ ዋጋ ከገዢ ጋር የምንቆርጠው ከወራት በፊት ነውና ድንገተኛ ጭማሪ ፋብሪካ ያዘጋል። ቦነስ ደግሞ የጥራት ፍተሻ ባለፈ ምርት በየምርት መስመሩ ተሰልቶ ይከፈል፤ የመገኘት ቦነስም ከቀጠለ በሳምንት ይሁን።

ከሰዓት በኋላ የዚህን ጥያቄያችንን ረቂቅ አንቀጽ በአንቀጽ እናያለን። የፔይሮል ኃላፊዎቻችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ የየፋብሪካችሁ ቁጥር እዚያው ይሰላ። ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል።